አስራ አምስት ጥርስ

የላላ ሰንሰለት የራሱ ድምፅ አለው። ሞተር ሳይክሉ ፍጥነት ሲቀንስ ከሥሩ ቸክ ቸክ እያለ ብረት ይመታል። አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ለጎረቤቶቼ ምግብ የሚያመላልስ አንድ ወጣት አለ። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሲገባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ፣ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ ያ ድምፅ ይሰማኛል። ሰንሰለቱ መጥበቅ አለበት። ብዙ ጊዜ መስኮቱን ከፍቼ ልነግረው አስቤያለሁ። ግን የማያውቃት ሴትዮ ከላይ ሆና ስለ ሰንሰለት ስትመክረው ምን ይላል? እተወዋለሁ። ድምፁ በአጥሩ በኩል እየራቀ ሲሄድ ሥራዬን አቁሜ ትንሽ እቀመጣለሁ፤ ወንድሜን የማስበው ያን ጊዜ ነው።

የወላጆቼ ቤት ኮልፌ ነው፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አባቴ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይነግድ ነበር፤ ወንድሜም ትምህርቱን ከጨረሰ ጀምሮ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሠራው። እኔ ያኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወንድሜ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲከራከረው አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን በሩ ላይ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ነበር። ስለ ሞተሩ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ሞተሩ ሰማያዊ ነበር። ከአገር ሊወጣ የተነሣ አንድ ሰው ነው የሸጠለት። በሠፈራችን የምናውቃቸው ሞተሮች ዕቃና ሰው የሚያመላልሱ፣ ኋላቸው ላይ የፕላስቲክ ሳጥን የታሰረባቸው ናቸው። ይሄኛው ግን ነጂው ቤንዚን ታንኩ ላይ በደረቱ ተኝቶ የሚነዳው፣ ባለ ስድስት መቶ ሲሲ የእሽቅድምድም ሞተር ነው። ሲነሣ የጓዳችን ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እናቴ ገና የገባ ዕለት "ይሄ ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው?" ብላ ጠይቃ፣ አዎ ሲላት አጠገቡ ያሰጣችውን ልብስ ሰብስባ ገባች። አባቴ አጠገቡ አልፎ ሶላት ሄደ።

ችግሩ ሰንሰለቱ ነበር። ሰውዬው ሳይንከባከበው ስለኖረ ሰንሰለቱ ተለጥጧል፤ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሳም ብረቶችም፣ ወንድሜ ስፕሮኬት የሚላቸው፣ ጥርሳቸው ተበልቶ እንደ መንጠቆ ሾሏል። መቀየር አለባቸው። እዚህ ከተማ ለትንንሾቹ ሞተሮች የሚሆን በየሱቁ ይገኛል፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ግን ከውጭ ካልመጣ የለም። ከውጭ ካስመጣሁ ደግሞ አሮጌውን በአሮጌው ልክ ለምን እተካለሁ፣ ለእኔ መንገድ የሚስማማውን ልምረጥ አለ ወንድሜ። ክርክሩ የተጀመረው በዚህ ነው።

የሚከራከረው ከጓደኛው ጋር ነው። ጓደኛው የአጥር ጎረቤታችን ልጅ፣ ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገ፣ ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። እሑድ አምልኮ እንዳለቀ ነጭ ሸሚዙን ቤቱ አውልቆ በአሮጌ ቲሸርት ወደ እኛ ግቢ ይመጣል። ሁለቱም በአባቴ መኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ ፀሐይ በማይነካት ጥግ፣ ሞተሩን አቁመው በነጭ ጋዝ ሰንሰለቱን እያጠቡ ይጨቃጨቃሉ። እኔ መጽሐፌን ይዤ ደጃፉ ላይ እቀመጥ ስለነበር ሳልፈልግ ተማርኩት። ፊት፣ ከሞተሩ የምትወጣው ትንሿ ስፕሮኬት ናት፤ ኋላ ጎማው ላይ ያለው ትልቁ ነው። የፊቷ ጥርስ ሲቀንስ ወይም የኋላው ሲጨምር ሞተሩ ከቆመበት በጉልበት ይነሣል፤ በምትኩ ረጅም አውራ ጎዳና ላይ የመጨረሻ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ይጠጣል። ፋብሪካው የሠራው ፊት አስራ ስድስት፣ ኋላ አርባ ሦስት ነው። ወንድሜ የሚፈልገው አስራ አምስትና አርባ አምስት ነበር።

"አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት" ይላል። "ሞተሩ አየር ያጥረዋል። ፋብሪካ ያወጣለት ልክ ለሜዳ አገር ነው። እኛ ደግሞ ከቤት ስንወጣ ዳገት፣ ስንገባ ዳገት።"

"ኋላውን ጨምር፣ እሺ። የፊቷን አትንካት" ይላል ጓደኛው። "ፊቷ ስታንስ ሰንሰለቱ በጠባቡ ይተጣጠፋል፣ ቶሎ ያልቃል። ደግሞ ሲነሣ የፊት ጎማው ከመሬት ይለቃል።"

"ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቀዋለሁ።"

"አንተ? ቀስ ብለህ?"

ወንድሜ ይስቃል። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

በሌላው ሁሉ ተስማምተዋል። የኋላው ቀላሉ አልሙኒየም ይሁን ወይስ ብረት በሚለው ጥቂት እሑዶች ከፈጁ በኋላ፣ የቀራንዮ መንገድ አቧራና ኮረት አልሙኒየምን ዓመት አያቆየውም ብለው ብረቱን መረጡ። ሰንሰለቱ ከድሮው ጠበብና ቀለል ያለው፣ በየመጋጠሚያው ግራሶውን የሚይዝ ጎማ ያለው እንዲሆን ተስማሙ። የፊቷ ብቻ ቀረች። አስራ አምስት፣ አስራ ስድስት። አንዳንዴ ጓደኛው ወደ ቤቱ ሊሄድ የቆርቆሮውን በር ከፍቶ ከወጣ በኋላ እንኳ ተመልሶ አንገቱን ያስገባና "አስራ ስድስት" ብሎ ይሄዳል።

አንድ ቀን ወንድሜ ውስጥ እጁን እየታጠበ ሳለ ጓደኛውን ለብቻው ጠየቅኩት፣ አንዲት ጥርስ ይህን ያህል ምን ለውጥ ታመጣለች ብዬ። "ለውጥ ታመጣለች" አለኝ። "ዝም ያለ ሰው መሪ ሲይዝ አይተሽ አታውቂም። እኔ ኋላው ተቀምጬ አይቻለሁ።" ወንድሜ ሲወጣ ሰንሰለቱን ወደ ማጠብ ተመለሰ።

ዕቃውን ሊያመጣ የሚችለው አንድ ሰው ነበር። ዱባይ እየተመላለሱ ዕቃ የሚያመጡ የአባቴ የድሮ ወዳጅ አሉ። ግን ወዳጁ የአባቴ እንጂ የወንድሜ አይደሉም፤ በአባቴ በኩል ካልሆነ አይጠየቁም። ወንድሜ እራት ላይ አነሣው። ነገሩን ለማስረዳት የስኒ ማስቀመጫና የሻይ ትሪ ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ እያዞረ፣ ትንሹ አንዴ ሲዞር ትልቁ ምን ያህል እንደሚሄድ ለአባቴ ያሳየዋል። አባቴ ትሪውን አላየም። የወንድሜን ፊት ነበር የሚያየው።

"ጨረስክ?" አለው።

"ሰንሰለቱ እንዲህ ሆኖ መንዳቱ ነው እኮ አደጋው፣ አባ። ሊበጠስ ይችላል።"

"እንግዲያው አትንዳው።" አባቴ ተነሣ። "ለሞትህ ዕቃ አላስመጣልህም። ወዳጄንም አልጠይቅልህም።"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እናቴ ግን "አንተ ሰውዬ፣ አፍህን" አለችው። ወንድሜ የስኒ ማስቀመጫውን ትሪው ላይ መልሶ አስቀምጦ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ ስለ ፍራሽና ስለ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አባቴ ወንድሜ ከመድረሱ በፊት ሱቁን ከፍቶ ሻይ አዝዞለት ይጠብቀዋል፤ ወንድሜም ከባድ ዕቃ አባቴ እንዲያነሣ አይፈቅድም። ግን ከዚያ እራት ወዲህ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እሑድ እሑድ በመስኮቱ ሥር ያለው ጭቅጭቅ ቀጠለ፤ ዕቃው እንደማይመጣ እያወቁም ይከራከራሉ። አባቴ እሑድ ከቀትር ሶላት በኋላ ጋደም ይላል። እኛ የተኛ ይመስለን ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንድሜ ራሴን አመመኝ ብሎ ከሱቅ በጊዜ ገባ። ዝናብ መትቶት ነበርና ብርድ ነው አልን። እናቴ በአልጋው ላይ ከሱቁ የመጣ አዲስ ብርድ ልብስ ደረበችለት። በማግሥቱ ብርሃን ማየት አቃተው፤ መጋረጃውን ዝጉልኝ አለ። አንገቱን ማጠፍ ሲያቅተው አባቴ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባው፤ ልጁን አቅፎ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ በሽታው ወደ አንጎሉ ገብቷል አሉን። ጓደኛው ከአጠገቡ አልጠፋም። ወንድሜ ከሰመመኑ ትንሽ ሲነቃ ስሙን ይጠራዋል፣ ውሃ ይለዋል፣ ይተኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ለዐሥር ሰዓት ሶላት ወጥቶ ሲመለስ፣ ጓደኛው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አባቴ አየውና እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ቀበርነው። በአስከሬኑ አጠባ ላይ አባቴ ራሱ ገብቷል። ደጃችን ድንኳን ተተከለ፤ ቁርአን ተቀራ፤ የጓደኛው እናት ከእናቴ ጎን ተቀምጣ እጇን ይዛ ዋለች። ሞተሩ ግቢው ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሲበዛ ከጎረቤት አንዱ ቦታ እንዲለቅ ወደ ውጭ ሊገፋው ላስቲኩን ያዘ። አባቴ ከድንኳኑ ውስጥ "ተወው" አለ። ሰው በሞተሩ ዙሪያ እየዞረ ገባ፣ እየዞረ ወጣ።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው የአባቴ ወዳጅ የመጡት። ከመንገድ መግባታቸው ነበር፤ ሳይሰሙ ቆይተው አየር ማረፊያ ነው የተነገራቸው። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። "አላህ ይርሐመው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ ልጄ" አሉኝ፤ ግን አይገቡም። ወደ መኪናቸው መለስ ብለው አዩ።

"አባትሽ እንዴት ነው?"

"አለ፣ እንደምንም። ይግቡ እንጂ።"

"እገባለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። አባትሽ ያዘዘኝ ዕቃ እጄ ላይ አለ። የዚያ... የሞተሩ ዕቃ። ለዒድ ላስደስተው፣ እንዳትነግርብኝ ብሎ ነው የላከኝ። አሁን ላስገባው ወይስ ይዤው ልመለስ? አንቺ ምን ትያለሽ?"

ያልኩትን አላስታውስም። የማስታውሰው የበሩን ብረት መያዜንና ብረቱ ፀሐይ ላይ ውሎ መሞቁን ነው። አባቴ ድምፃችንን ሰምቶ ይሁን ገምቶ ከኋላዬ መጣ። ወዳጁን አቀፈ። ከዚያ "አስገባው" አላቸው።

ካርቶኑን ሳሎን ምንጣፉ ላይ ራሱ ከፈተው። እናቴ ምን እንደሆነ ሳይገባት ቆማ ታያለች። ሰንሰለቱ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ ወጣ፤ ወርቃማ ነበር፣ ክፍሉ አዲስ ግራሶ ሸተተ። ትልቁ ስፕሮኬት ወጣ። ከዚያ ትንሿ። ከዚያ ሌላ ትንሽ። አባቴ ሁለቱን ትንንሾች አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ መዳፉ ይዞ ተቀመጠ።

"አባ" አልኩት፣ "የትኛው እንደሚሆን ማን ነገረህ?"

"ማን ይነግረኛል። በመስኮቴ ሥር አይደል ሲነታረኩ የሚውሉት።" መዳፉን እያየ ነበር የሚያወራው። "የኋላው አርባ አምስት፣ ብረት። ሰንሰለቱ ቀጭኑ። በፊቷ ግን አልተስማሙም። ሁለቱም ይምጣ፣ እነሱ ይጨርሱት አልኩ።"

እናቴ ያኔ ገባት። ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ አለች።

ካርቶኑ ለሳምንታት ሳሎን ጥግ ተቀመጠ። አባቴ ሱቅ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይሰግዳል። ብርድ ልብስ ሲያጣጥፍ መሃል ላይ ያቆምና ይረሳዋል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እጨርስለታለሁ። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ጓደኛውን ጥሪው አለኝ። ጓደኛው ከአምልኮ በቀጥታ መጣ፤ ነጭ ሸሚዙን እንኳ አልቀየረም።

"ግጠመው" አለው አባቴ። "እኔም አግዝሃለሁ።"

ላስቲኩን ሁለቱ ገፈፉት። ጓደኛው እጅጌውን ጠቅልሎ አሮጌውን ሰንሰለት ቆረጠ። አባቴ በዱካ ላይ ተቀምጦ የኋላውን ጎማ ይይዛል፣ ያሽከርክሩ ሲባል ያሽከረክራል፣ ቁልፍ ያቀብላል፤ የትኛው ቁልፍ የቱ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ያቀብላል። ጓደኛው አያርመውም። የማይሆነውን ተቀብሎ መሬት ያስቀምጥና የሚሆነውን ራሱ ያነሣል። የኋላው ገባ። የፊቷ ተራ ሲደርስ አባቴ ሁለቱን ትንንሾች ጨርቅ ላይ አድርጎ አቀረበለት።

ጓደኛው ብዙ አላየም። አስራ አምስቷን አነሣ።

"አንተ አስራ ስድስት አልነበር የምትለው?" አለው አባቴ።

"ነበር፣ አባባ።"

"ታዲያ?"

"ተሸነፍኩ።"

"መቼ?"

ጓደኛው አንገቱን አጎንብሶ ስፕሮኬቷን ቦታዋ ላይ አስገባና ብሎኗን ማጥበቅ ጀመረ። ብዙ አጠበቃት።

ሞተሩ ሲነሣ ያው ድምፅ ነበር፣ የጓዳ ብርጭቆዎቹን የሚያንጫጫ። እናቴ ጓዳ ነበረች፤ ብርጭቆዎቹ ሲጮኹ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ጓደኛው እዚያው ማዞሪያው ድረስ ሞክሬው ልምጣ ሲል አባቴ "ቆይ" ብሎ ወደ ወንድሜ ክፍል ገባ። ሄልሜቱን ይዞ ወጣ። ቆቡን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። ሄልሜቱን ወዲያው አላጠለቀውም፤ ውስጡን አየ፣ ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ ብዙ ቆየ። የወንድሜ የፀጉር ቅባት ሽታ አሁንም ውስጡ ነበር። ከዚያ አጠለቀው።

"አባባ፣ የኋላው መቀመጫ ከፍ ያለ ነው፣ አይመችዎትም" አለ ጓደኛው።

"እሱ ሲያስቀምጥህ ተመችቶህ ነበር?"

"አይ።"

"እንግዲያው።"

እናቴ ታስቆመዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን በሩን ከፈተችላቸው። አባቴ የጓደኛውን ትከሻ ተደግፎ ወጣና ወገቡን ያዘ፤ የሱፍ ሱሪው ወደ ላይ ተሰብስቦ ቀጫጭን ቁርጭምጭሚቶቹ ታዩ። ወጡ። እኔና እናቴ በሩ ላይ ቆመን ድምፁ ወደ ማዞሪያው ሲወርድ፣ ከዚያ ሲታጠፍ፣ ከዚያ ከሚኒባሶቹ ጥሩምባ ጋር ሲቀላቀል ሰማን። ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል ንፋስ ያን የታወቀ ሽታ ይዞ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም።

የሆነውን ጓደኛው ነው በኋላ የነገረኝ። መጀመሪያ በቀስታ ነበር የነዳው። መቃብሩ በር ላይ ሲደርሱ አባቴ ትከሻውን መታ አደረገውና አቆመ። አልወረደም፤ በሩን ትንሽ አየና "ሂድ" አለው። ቀራንዮን አልፈው መንገዱ ገለጥ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ደግሞ እንደገና መታ አደረገው።

"እሱ እንደሚነዳው ንዳው" አለው።

"አባባ፣ እኔ እንደሱ አልችልም።"

"የቻልከውን።"

ጓደኛው ጋዝ ሰጠው። ሞተሩ ወንድሜ እንዳለው ሆነ፣ ከሥራቸው ተስፈንጥሮ ወጣ። አባቴ ሆዱን አጥብቆ ያዘው፤ ሄልሜቱ ጀርባው ላይ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ አባቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ፈርቶ ይሁን እያለቀሰ አላወቅኩም" አለኝ ጓደኛው። "ላቁም እንዴ ስል በእጁ ቀጥል አለኝ። ቀጠልኩ።"

ተመልሰው ሲመጡ አባቴ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሄልሜቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ቆቡን ተቀበለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እናቴ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም።

"ምን ይመስላል?" አለችው።

አባቴ አሰበ። "ያምራል" አለ። "ያስፈራል፣ ግን ያምራል።" ከዚያ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ያንን ሞተር ከዚያ ወዲህ ከእኛ ቤት ማንም አልነዳውም። አባቴ ለጓደኛው ሊሰጠው ነበር፤ ጓደኛው ግን እንቢ አለ፣ እንቢ ሲልም አለቀሰ። ከዒዱ በኋላ ሌላ ሠፈር ላለ ሰው ተሸጠ። ጓደኛው አግብቶ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄዷል፤ አንዳንዴ ለዒድ ይደውልልናል፣ አባቴ ስልኩን ከእጄ ይወስድና ሁለቱም ለሌላ ሰው የማያወሩትን ነገር ያወራሉ።

ከጉዟቸው ማግሥት ጠዋት እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር፤ እኔ ውሃ አመላልስላት ነበር። የአባቴ የሱፍ ሱሪ ግራ እግሩ ግርጌ ላይ የሰንሰለቱ ግራሶ ረጅም ጥቁር መስመር ሠርቶበታል። በሳሙና ፈተገችው። ደገመችው። አልለቀቀም።

"ነጭ ጋዝ ላምጣልሽ?" አልኳት። "ይለቃል።"

"አውቃለሁ" አለች። "የሱን ስንቱን አጥቤያለሁ።"

ልነሣ ስል እጄን በእርጥብ እጇ ያዘችኝ።

"ተዪው" አለች። "እንዲሁ ይልበሰው።"

ሱሪውን ሳትጨምቀው ሽቦው ላይ ሰቀለችው። ውሃው ከሁለቱም እግሮቹ ይንጠባጠባል። እሷ ከሥሩ ቆማ የግራውን ጫፍ በመዳፏ ይዛ ነበር፤ ውሃው በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ እየገባ፣ ሌላው ልብስ ሳፋው ውስጥ እየጠበቃት።